ጓዳውም የሥራ ቦታ ነው፦ የቤት ውስጥ አየርና የሠራተኞች ጤና በአሶሳ

የአየር ብክለት ሲነሳ በአብዛኞቻችን አእምሮ ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው የፋብሪካ ጭስ ማውጫ፣ በከባድ መኪኖች የተጨናነቀ አውራ ጎዳና፣ ወይም በቴሌቪዥን ያየነው የአንድ ታላቅ ከተማ የደበዘዘ ሰማይ ነው። በዚህ መመዘኛ ከሄድን አሶሳ ንጹሕ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኘው ይህች የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ሰማይዋን የሚያጠቁር ከባድ ኢንዱስትሪ የላትም። ከአንድ ምግብ ቤት በስተ ጀርባ ያለውን የማድ ቤት በር ከፍቶ ለገባ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዐይኑ ያለቅሳል፤ ጉሮሮውን ይከረክረዋል፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በጥላሸት ተለብጧል። እንግዳው ጥቂት ደቂቃ ታግሦ ይወጣል። እንጀራ ጋጋሪዋ ግን እዚያው ትውላለች።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እርሷን ነው። ስለ ሥራ ላይ ጤንነት ሲነገር ዘወትር የሚጠቀሱት የማዕድን ቆፋሪው፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሠራተኛውና የአበባ እርሻ ተቀጣሪዋ ናቸው። እነዚህ መጠቀሳቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን ከሁሉ ይልቅ በርካታ ሰው ለረጅም ሰዓት የተበከለ አየር የሚተነፍስበት የሥራ ቦታ ማድ ቤት ሆኖ ሳለ፣ ማድ ቤትን የሥራ ቦታ ብሎ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው።

ከታሸገው ቢሮ እስከ ጉልቻው

«የቤት ውስጥ አየር ጥራት» የሚለው ሐረግ የተስፋፋው በበለጸጉት አገሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲንር የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ አናጢዎችና መሐንዲሶች ሙቀት እንዳያመልጥ ሲሉ ሕንፃዎችን ይበልጥ እያጠበቁ መሥራት ጀመሩ። ውሎ አድሮ በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች የራስ ምታት፣ የዐይን መቆጣትና የድካም ስሜት ያሰሙ ጀመር፤ ከሕንፃው ሲወጡም ይሻላቸው ነበር። በ1980ዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት ይህንን «የታመመ ሕንፃ» የሚያስከትለው የሕመም ስሜት ብሎ ተቀበለው። ተጠያቂ የተባሉትም ከምንጣፍ፣ ከማጣበቂያና ከቀለም የሚተኑ ኬሚካሎች፣ ሻጋታና በቂ ያልሆነ የአየር ልውውጥ ነበሩ።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ተቃርኖ እዚህ ላይ አለ። በዚያ የታሸገ ቢሮ ውስጥ የረቂቅ ብናኝ መጠን በሜትር ኩብ አየር ውስጥ በጥቂት አሥር ማይክሮግራሞች የሚቆጠር ሲሆን፣ በማገዶ በሚሠራ ማድ ቤት ውስጥ ግን በብዙ መቶዎችና በሺዎች ይቆጠራል። የሳይንሱ ትኩረት ለረጅም ጊዜ ያረፈው በቢሮው ላይ ነበር። ወደ ማድ ቤቱ እንዲዞር ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ አሜሪካዊው ኪርክ ስሚዝ ሲሆኑ፣ እኚህ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሕንድ መንደሮች ሴቶች ምግብ ሲያበስሉ የሚተነፍሱትን አየር መለካት ጀመሩ፤ እስካረፉበት እስከ 2020 ድረስም ከዚሁ ጉዳይ አልተለዩም።

እሳት ለምን ይጨሳል?

እንጨት በቀጥታ የሚነድ ይመስለናል እንጂ መጀመሪያ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው። ሙቀቱ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ የእንጨቱ አካል ይፈራርስና ወደ ተቀጣጣይ ጋዝና ትነት ይለወጣል። ነበልባል ብለን የምናየው ይህ ጋዝ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠረውን ነው። ጋዙ በቂ ሙቀት፣ በቂ አየርና በቂ ጊዜ ካገኘ ሙሉ በሙሉ ነድዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ትነት ብቻ ይሆናል። ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ ገደማ በታች ከወረደ ወይም አየር ካጠረው ግን ሳይነድ ያመልጣል። ጭስ ማለት እንግዲህ ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው፤ ለማገዶው ገንዘብ የከፈለው ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ጉዳት ይደርስበታል ማለት ነው።

ባለ ሦስት ጉልቻ ምድጃ ለጭስ የተመቸ ነው። ነበልባሉ ወጥቶ ሳይጨርስ ከቀዝቃዛው ድስት ወይም ምጣድ ሥር ይጋጫል፤ ነፋስ ከጎን እየገባ ያቀዘቅዘዋል። በእንጀራ ምጣድ ላይ ችግሩ ይብሳል። ምጣዱ ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱ በእኩል እንዲዳረስ ቀጫጭን ጭራሮ፣ ቅጠልና ስንጥር በየጊዜው መጨመር ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ጭማሪ ደግሞ አዲስ የጭስ ደመና ያስነሣል። ጋጋሪዋም እሳቱን ለማስተካከል ጎንበስ ብላ እፍ በምትልበት ቅጽበት አፍና አፍንጫዋ ከምንጩ አጠገብ ይሆናሉ።

በአሶሳና በአካባቢዋ የዝናቡ ወቅት ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ረጅም ነው። በእነዚህ ወራት እርጥብ ማገዶ የዕለት ተዕለት ጣጣ ነው። ብዙ ሰው የእርጥብ እንጨት ጉዳቱ ሙቀት ማባከኑ ይመስለዋል። በእርግጥ አንድ ኪሎ ግራም የፈላ ውሃን ለማትነን 2.26 ሜጋ ጁል ኃይል ይፈጃል፤ ነገር ግን አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት 18 ሜጋ ጁል ያህል ስለሚሰጥ ብክነቱ ያን ያህል የከፋ አይደለም። ዋናው ጉዳት ውሃው እስኪተን ድረስ የእሳቱ ሙቀት መውረዱ ነው። ሙቀቱ ሲወርድ ጋዙ አይነድም፤ በመሆኑም ጭሱ ይበዛል። ዝናብ ሲመጣ በሩና መስኮቱ መዘጋቱ ደግሞ ይታከልበታል።

ስለ ቤቱ አሠራርም አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ክልሉ በቆላ ቀርከሃ የታወቀ ነው፤ በርካታ ቤቶችም የሚሠሩት ከዚሁ ነው። ጭቃ ያልተለሰነ የቀርከሃ ግድግዳና የሣር ክዳን አየር ያሳልፋሉ፤ ጭሱ በስንጥቁ ሁሉ ይሾልካል። ግድግዳው ሲለሰንና ጣሪያው ቆርቆሮ ሲሆን ቤቱ ለዝናብና ለእሳት አደጋ የተሻለ መከላከያ ያገኛል፤ ነገር ግን ጭስ ማውጫ አብሮ ካልተሠራለት ያ ሁሉ ስንጥቅ ይደፈንና ጭሱ ውስጥ ይቀራል። ዘመናዊ የመሰለው ማድ ቤት በዚህ ረገድ ከጥንቱ ጎጆ የባሰ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጭሱ ከሳንባ ሲደርስ

በጭስ ውስጥ ካሉት በመቶዎች ከሚቆጠሩ ውሑዶች መካከል ለጤና መለኪያነት የሚያገለግለው ረቂቅ ብናኙ ነው። ዲያሜትሩ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር ያነሰ ብናኝ «ፒኤም 2.5» ይባላል፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከፀጉር ወደ ሠላሳ እጥፍ ያህል ይቀጥናል ማለት ነው። መጠኑ ወሳኝ ነው። ትልልቁን አቧራ የአፍንጫ ፀጉርና አክታ ይይዙታል፤ በአየር ቧንቧ ግድግዳ ላይ ያሉት ሲሊያ የሚባሉ ፀጉር መሰል ክሮችም ወደ ላይ እየጠረጉ ያስወጡታል። ረቂቁ ብናኝ ግን ይህንን ሁሉ አልፎ የኦክስጅንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልውውጥ ከሚካሄድባቸው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይደርሳል።

በዚያ የሚጠብቁት ማክሮፌጅ የተባሉ የመከላከያ ሴሎች ናቸው። ሥራቸው ባዕድ አካልን ውጦ ማጥፋት ነው። ጥላሸትን ግን መፍጨት አይችሉም፤ ውጠውት ይቀመጣሉ፤ በውስጡ ያለው ኬሚካልም ያስቆጣቸውና ብግነት የሚያስነሡ መልእክቶችን ይለቃሉ። አንድ ቀን ቢሆን ብግነቱ በርዶ ያልፋል። በየቀኑ ለዓመታት ሲደጋገም ግን የአየር ቧንቧው ግድግዳ ይወፍራል፤ አክታ አመንጪ ዕጢዎች ይበዛሉ፤ ሲሊያዎቹ ይጠፋሉ። ሥር የሰደደ የሳንባ መጥበብ በሽታ የሚባለው ይህ ነው፤ ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ሴት የአጫሽ ሳንባ የሚኖራትም በዚህ መንገድ ነው። ጥላሸት የታጨቁት ማክሮፌጆች ባክቴሪያን የመዋጋት ዐቅማቸው ስለሚዳከም ለሳንባ ምች መጋለጥም ይከተላል።

ጉዳቱ በሳንባ አያበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው እንደሞቱ ይገምታል። ከእነዚህ ሞቶች መካከል ትልቁን ድርሻ የያዘው የሳንባ በሽታ ይመስላል፤ ግን አይደለም። 32 በመቶው የልብ ደም ሥር በሽታ፣ 23 በመቶው ደግሞ ስትሮክ ነው። በሳንባ የተነሣው ብግነት በደም ተጉዞ የደም ሥሮችን ግድግዳ ስለሚያውክ፣ የደምንም የመርጋት ዝንባሌ ስለሚጨምር ነው። ሴቶችን ከሚያጠቃው የዐይን ሞራ ጋርም ጭሱ ግንኙነት እንዳለው በጥናት ታይቷል። የካንሰር ጥናት ዓለም አቀፍ ድርጅት የእንጨት ማገዶን የቤት ውስጥ ጭስ «ለሰው ካንሰር አምጪ ሊሆን ይችላል» ከሚላቸው መካከል በላይኛው እርከን መድቦታል።

በነገራችን ላይ እጣንም ጭስ ነው። ቡና በሚፈላበት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚጨሰው እጣን ረቂቅ ብናኝ ያመነጫል። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ቡና የምትጠራ ቤተሰብ በዚህ አትጨነቅ፤ ከጧት እስከ ማታ ቡና እያፈላች እጣን የምታጨስ ተቀጣሪ ግን ከከሰሉ በተጨማሪ ይህንንም ትተነፍሳለች።

ሽታ የሌለው ጋዝ

ከሰል ጭሱ አይታይም፤ ስለዚህም ንጹሕ ነዳጅ ይመስላል። እንጨቱ ወደ ከሰልነት ሲለወጥ ጭስ የሚሆነው ክፍል አስቀድሞ በጫካው ውስጥ ስለወጣ የከሰል ብናኝ ከእንጨት በእጅጉ ያንሳል። ችግሩ ሌላ ነው። በጋለው ፍም ውስጥ የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ላይ ሲያልፍ ከጋለው ካርቦን ጋር እንደገና ይዋሐድና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ በአየር ውስጥ ጥቂት ቢሆንም እንኳ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል። ንጹሕ አየር እየተነፈሱ ከደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ብቻ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል።

ሻይና ቡና የሚሸጡ ሴቶች በዝናብ ጊዜ ምድጃቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው በር ገርበብ አድርገው ሲሠሩ፣ ከሰዓት በኋላ የሚሰማቸውን የራስ ምታትና መፍዘዝ በድካም ወይም በጾም ያመካኙታል። «ጭሱ መታኝ» የሚባለው ግን ተራ አባባል አይደለም፤ በትክክል የሆነውን የሚገልጽ የሕክምና ቃል ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአንድ ሰዓት ቆይታ ከ35 ሚሊ ግራም በሜትር ኩብ፣ ለ8 ሰዓት ደግሞ ከ10 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ያሳስባል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛ ከሌሎች ይልቅ ልትጠነቀቅ ይገባል፤ የፅንሱ ሄሞግሎቢን ጋዙን ከእናቱም ይበልጥ ይይዘዋልና።

ወፍጮ ቤቱንም ሳልጠቅሰው ማለፍ አልወድም። የዱቄት ብናኝ ለአስም ይዳርጋል። ወፍጮው የሚዞረው በናፍጣ ሞተር ሲሆንና ሞተሩም እዚያው ቤት ውስጥ ሲተከል ደግሞ የናፍጣው ጭስ ይጨመርበታል፤ ይህ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2012 በካንሰር አምጪነቱ ከተረጋገጡት መደብ ገብቷል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፦ የሞተሩን ጭስ በቱቦ ከጣሪያ በላይ ማውጣት።

ትንሽ ሒሳብ

ስንት ነው የምትተነፍሰው? በወረቀት ላይ ልናሰላው እንችላለን። ወለሉ 3 ሜትር በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ማድ ቤት 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በበርና በስንጥቅ አየሩ በሰዓት 15 ጊዜ ይለወጣል እንበል፤ በየሰዓቱ 450 ሜትር ኩብ አየር ያልፋል ማለት ነው። አንድ ኪሎ ግራም እንጨት በክፍት ምድጃ ሲነድ 5 ግራም ያህል ረቂቅ ብናኝ ያወጣል፤ እንደ እንጨቱና እንደ አነዳዱ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። በሰዓት አንድ ኪሎ ብቻ ብታነድ 5 ግራም፣ ማለትም 5 ሚሊዮን ማይክሮግራም፣ ለ450 ሲካፈል ውጤቱ 11,000 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ስምንት ሰዓት ሠርታ ቀሪውን ዐሥራ ስድስት ሰዓት ፍጹም ንጹሕ አየር ብታገኝ እንኳ የ24 ሰዓት አማካይዋ 3,700 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ መሠረት የ24 ሰዓት አማካይ ከ15 መብለጥ የለበትም።

ይህ ስሌት ነው፤ ልኬት አይደለም። በአገራችን የተለኩ አሉ። በአዲስ አበባ ድኻ ሰፈሮች በ59 ቤቶች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የፒኤም 2.5 የ24 ሰዓት አማካይ 818 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ሆኖ አግኝቶታል፤ ከመመሪያው ከ50 እጥፍ በላይ ነው። ቀደም ሲል በቡታጅራ አካባቢ በሺዎች በሚቆጠሩ የገጠር ቤቶች የተለካው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድም በአማካይ 97 ማይክሮግራም ነበር፤ በዚያን ጊዜ የነበረው የዓመት መመሪያ 40 ሲሆን ዛሬ ወደ 10 ወርዷል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁለቱም ጥናቶች የተካሄዱት በመኖሪያ ቤቶች ነው። አንድ ቤተሰብ በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ይጋግራል፤ ለምግብ ቤት የሚጋግር ሰው ግን በየዕለቱ።

ጉልቻ ቢለዋወጥ

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ደረስን። መድኃኒቱ የተሻሻለ ምድጃ ነው የሚል መልስ ለዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩት «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃና «ላቀች» የከሰል ምድጃ እስከ ዛሬ በአገልግሎት ላይ ናቸው። ምርጥ ምድጃ ከባለ ሦስት ጉልቻው ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ይህ ለደንም ለኪስም ትልቅ ነገር ነው። ለሳንባስ?

እዚህ ላይ የጥናቶቹ ውጤት ተስፋ እንደተደረገው አልሆነም። በጓቲማላ ተራሮች ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ለግማሾቹ ቤተሰቦች ተሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ውጤት የሕፃናቱ ለጭስ መጋለጥ በግማሽ ያህል ቢቀንስም፣ በሐኪም የተረጋገጠ የሳንባ ምች ቅነሳው በስታቲስቲክስ ሚዛን የሚያጠግብ አልነበረም፤ ጽኑ የሆነው ምች ግን በሦስተኛ ያህል ቀንሷል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከ5,000 በላይ ሕፃናት የተካተቱበትና በ2021 የታተመ ሙከራም የተሻሻለው የእንጀራ ምድጃ በሕፃናት የታችኛው የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ላይ ጉልህ ለውጥ አላሳየም። በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ ለነፍሰ ጡሮች የጋዝ ምድጃ በነጻ የታደለበት ትልቅ ሙከራ ጭሱን በእጅጉ ቀንሶ ሳለ በሕፃናቱ የልደት ክብደትም ሆነ በምች ላይ የተጠበቀውን ልዩነት አላመጣም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት የተነገረው ለዚህ ይመስላል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ምድጃው ከንቱ ነው ማለት ስሕተት ነው። አንደኛው ማብራሪያ ከላይ በሠራነው ሒሳብ ውስጥ ይገኛል። ምድጃው ሦስት አራተኛውን ጭስ ቢያስወግድ የጋጋሪዋ አማካይ ከ3,700 ወደ 925 ይወርዳል፤ አሁንም ከመመሪያው 60 እጥፍ ያህል ነው። የጭስ መጠንና የበሽታ ዝምድና ቀጥተኛ መስመር አይደለም፤ በዝቅተኛው በኩል ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ በከፍተኛው በኩል ግን የሚለዝብ ጠማማ መስመር ነው። ከተራራው አናት ሜዳ ላይ ረጅም መንገድ ቢጓዙም ቁልቁለቱ እስኪጀምር ብዙ ዝቅ አይባልም። የጋዝ ምድጃው ሙከራ ግን በዚህ ብቻ አይብራራም፤ እዚያ መጋለጡ በሜትር ኩብ ወደ 24 ማይክሮግራም ወርዶ ነበርና። የእናቶች አመጋገብ፣ የጎረቤት ጭስ፣ ጣልቃ ገብነቱ ከእርግዝና በኋላ መጀመሩ ሁሉ በምክንያትነት ይነሣሉ፤ ክርክሩም አልተዘጋም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሙከራዎቹ የለኩት በአብዛኛው ሕፃናትን ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በቀን ስምንትና ዐሥር ሰዓት በጭስ ውስጥ የምትሠራ ሴት ሳንባ በሁለት ዓመት ሙከራ አይመዘንም። ስለዚህ «ምድጃ አልሠራም» የሚለው ርእስ እርሷን አይመለከትም፤ በእርሷ ላይ ጥያቄው ገና በወጉ አልተጠየቀም።

ኤሌክትሪኩስ?

ጭሱን ከምንጩ ማጥፋት የሚቻለው ነዳጁን በመለወጥ ነው። በዚህ ረገድ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል እጣ ፈንታ ትንግርት አለበት። በጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። በዚያው ክልል ውስጥ እንጀራ የሚጋገረው ግን በአብዛኛው በእንጨት ነው። ይህ የአንድ ክልል ጉድለት ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአገሪቱ ዐሥር ቤተሰቦች ከዘጠኙ በላይ በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰሉት ያበስሉ ነበር።

ማመንጨትና ማዳረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ከግድቡ የሚነሣው 500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ በኩል ወደ ሆለታ ያመራል፤ ይህ ኃይል ወደ አንድ ማድ ቤት የሚደርሰው በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በመካከለኛና በዝቅተኛ መስመሮች፣ በመጨረሻም በመንደሩ ትራንስፎርመር በኩል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። አንድ አምፖል 10 ዋት ቢወስድ አንድ ምጣድ የ350 አምፖሎች ጭነት ነው። ሦስት ምጣድ በአንድ ጊዜ የሚያሠራ ምግብ ቤት ከዐሥር ኪሎ ዋት በላይ ይፈልጋል፤ ለመብራት ተብሎ የተዘረጋ ሽቦ ይህንን አይሸከምም። ስለዚህ ባለቤቱ ኤሌክትሪክ እያለው ማገዶ መግዛቱ ከድንቁርና ሳይሆን ከስሌት ነው፦ መብራት በጠፋ ቁጥር ደንበኛ ይጠፋልና።

እስከዚያው ድረስ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። ትኩስ ጭስ ወደ ላይ እንደሚወጣ ማንም ያውቃል፤ ይህንን ባሕርይ መጠቀም ነው። ከምድጃው በላይ በቆርቆሮ የተሠራ ጃንጥላ መሰል ኮፍያና ከጣሪያው ጫፍ በላይ የሚዘልቅ ቱቦ፣ በተቃራኒው ግድግዳ ግርጌ ደግሞ ንጹሕ አየር የሚያስገባ ክፍተት ካለ ጭሱ ከጋጋሪዋ ፊት ሳይደርስ ይሳባል። ግርጌው ክፍት ካልሆነ ግን ቱቦው አይስብም፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም ይኸው ነው። ማገዶውን ከዝናቡ ወራት አስቀድሞ ፈልጦ ከጣሪያ ሥር ማድረቅ ብዙ ይቀንሳል። ሁለት ጋጋሪዎች በየተራ እሳቱ ዘንድና ከውጭ ቢሠሩ የእያንዳንዳቸው ድርሻ በግማሽ ይወርዳል። በአፍንጫ ላይ ነጠላ ወይም ሻሽ መጣል ግን ፒኤም 2.5ን አያስቀርም፤ ትልልቁን ጥላሸት ብቻ ነው የሚይዘው።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሥራ ሂደቱ ለሠራተኛው የአካል፣ የኬሚካልና የሥነ ሕይወት አደጋ ምንጭ እንዳይሆን የማድረግ ግዴታ ይጥልበታል። ሕጉ ማድ ቤትንና ፋብሪካን አይለይም፤ የምግብ ቤቱ ወጥ ሠሪና ጋጋሪ በሕጉ ጥላ ሥር ናቸው። ትርፍ ለማያስገኝ የግል አገልግሎት የተቀጠረች የቤት ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። በቤቷ አረቄ እያወጣች የምትሸጥ ሴትም አሠሪ ስለሌላት የሚጠየቅላት የለም፤ አረቄ ማውጣት ደግሞ እሳቱ ለሰዓታት የማይጠፋበት ሥራ ነው።

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ በሽተኛን ከሚጠይቁት ጥያቄ ላይ አንድ እንዲጨምሩ መክሮ ነበር፦ ሥራህ ምንድን ነው? ለአሶሳ ጤና ጣቢያ ጥያቄው ትንሽ መስተካከል ያለበት ይመስለኛል። ሳል አላለቅ ብሏት የመጣችው ሴት «ሥራ የለኝም፤ የቤት እመቤት ነኝ» ብትል መልሱ ያለቀ ይመስላል፤ በምን እንደምታበስል፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ጭሱ በየት እንደሚወጣ ሲጠየቅ ግን ሌላ ነገር ይገለጣል።

ለመጠየቅ ሐኪም መሆን ለማይጠበቅባቸው የሳይንስ ተማሪዎችም ሥራ አለ። በብርሃን መበተን መርህ የሚሠሩ አነስተኛ የብናኝ መለኪያዎች ከቀድሞው እጅግ ረክሰዋል። ማድ ቤት ውስጥ ለመለካት የተለመደው ደንብ መሣሪያውን ከምድጃው በ1 ሜትር፣ ከበርና ከመስኮት በ1.5 ሜትር ርቀት፣ ከወለሉ 1.45 ሜትር ከፍታ ላይ መስቀል ነው፤ ከፍታው ቆሞ የሚሠራ ሰው የሚተነፍስበት ነውና። ለእንጀራ ጋጋሪ ግን ዝቅ ይበል፤ እርሷ የምትሠራው ተቀምጣ ወይም ጎንበስ ብላ ነው። እርጥበት ንባቡን ከፍ ስለሚያደርገው ንባቡ የሚታረመው ከማጣሪያ ወረቀት ጋር በማመሳከር ነው። ከቁጥሩ ጎንም እሳቱ የተለኮሰበትን ሰዓት፣ የማገዶውን ዐይነትና ጋጋሪዋ ከምድጃው አጠገብ የቆየችባቸውን ደቂቃዎች መመዝገብ ያስፈልጋል።